ለሚቀጥለው እጅ የተሠራ አምፕሊፋየር

የጊታር አምፕሊፋየር ፊት ለፊት ሲታይ ብዙ አይናገርም። የቆዳ እጀታ፣ ጥቂት ማዞሪያዎች፣ ስፒከሮቹን የጋረደ ጨርቅ፤ ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። የሠሪውን ችሎታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ብሎኖቹን በካቻቪቴ መፍታት፣ ሻሲውን ስቦ ማውጣትና መገልበጥ ይኖርበታል። ጥልፍ የሚያውቁ እናቶች የሐበሻ ቀሚስ ሲገዙ ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን የሚያዩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክሩ የት እንደታሰረ፣ የት እንደተዘለለ፣ እጅ የት እንደተቻኮለ የሚናገረው ጀርባው ነው።

በ1950ዎቹ አሠራር የተገጣጠመ የቲዩብ አምፕሊፋየር ሲገለበጥ በመጀመሪያ ዓይን የሚገባው አንድ ረጅም ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ሁለት ጠርዞች ትናንሽ የናስ ቀለበቶች ተደርድረዋል። በቀለበቶቹ መካከል ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ከአንዱ ጠርዝ የሚነሡ ሽቦዎች ወደ ቲዩቦቹ መቀመጫ፣ ከሌላው ጠርዝ የሚነሡት ወደ ማዞሪያዎቹ ይሄዳሉ። የተሸሸገ ነገር የለም። መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ከተለቀቀ በኋላ፣ ጊታሩ ከሚሰካበት ቀዳዳ ተነሥቶ ሽቦውን በዓይኑ የተከተለ ሰው ሲግናሉ የት እንደሚጎለብት፣ የት እንደሚጣራ፣ በየት ዞሮ ስፒከሩ ጋ እንደሚደርስ ደረጃ በደረጃ ያነበዋል።

ይህን ሥራ የማደንቅበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሠሪው እያንዳንዱን ዕቃ ለጆሮ ብሎ መምረጡ ነው። ሁለተኛው፣ ዕቃውን ሲያስቀምጥ ከብዙ ዓመት በኋላ መሣሪያውን የሚከፍተውን፣ ስሙን የማያውቀውን ጠጋኝ ማሰቡ ነው። ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውም ቢሆን ያለ ሁለተኛው ዕድሜ አይኖረውም።

አቀማመጡ የተወለደው በጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ነው። የፌንደር አምፕሊፋየሮችን የፈጠረው ሊዮ ፌንደር ሙዚቀኛ አልነበረም፤ ጊታር መጫወትም አይችልም ነበር። የተማረው የሒሳብ አያያዝ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰው ሁሉ የተበላሸ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ ወደ እርሱ ይዞ ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ምን ቶሎ እንደሚበላሽ፣ የትኛው ዕቃ ለመቀየር እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ፋብሪካ ለጠጋኙ ምንም እንዳልተጨነቀ ያውቃል። የራሱን አምፕሊፋየሮች መሥራት ሲጀምር ያንን ዕውቀት ይዞ ገባ። አንድ ሬዚስተር ቢቃጠል ሁለት ጫፎቹን አሙቆ ማውጣት፣ አዲሱን በዚያው ቀለበት ውስጥ መትከል ይበቃል፤ ጎረቤቱን መንካት አያስፈልግም።

በፌንደር አምፕሊፋየሮች ሳጥን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የትኛው ቲዩብ የት እንደሚሰካ የሚያሳይ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። በ1950ዎቹ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ በወረቀቱ ሁለት ፊደሎች ታትመዋል፤ የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ያመለክታል። በፉለርተኑ የፌንደር ፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ዕቃ ከሚደረድሩትና ሶልደር ከሚያደርጉት ሠራተኞች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በብዙ አምፕሊፋየሮች ሻሲ ውስጥ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ፣ የገጣጠመችው ሠራተኛ የመጀመሪያ ስም በእጅ ተጽፎበት ይገኛል። ያ ስም ለገዢው የሚታይ አልነበረም። የሚያየው መሣሪያውን የሚከፍተው ባለሙያ ብቻ ነው፤ ሥራዋን ሊመዝን የሚችለውም እርሱው ነው።

የዚህ አሠራር ቁንጮ ተብሎ የሚጠራው ከ1958 እስከ 1960 የተሠራው የፌንደር ቤዝማን ነው፤ በሠሪዎች ዘንድ በንድፉ ቁጥር 5ኤፍ6-ኤ ይባላል። ቤዝማን በ1952 ገበያ ላይ ሲውል የታሰበው ከአንድ ዓመት በፊት ለወጣው የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ነበር። በኋላ አራት ባለ 10 ኢንች የጄንሰን ስፒከሮችን ይዞ ሲመጣ ግን የጊታር ተጫዋቾች ወሰዱት። የኃይሉ መጠን ወደ 45 ዋት ገደማ ነው። ማዞሪያዎቹ እስከ 12 የተቆጠሩ ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በትንንሽ ሱቆች የቲዩብ አምፕሊፋየር የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ንድፍ ደጋግመው ይሠሩታል፤ ዕቃ የመምረጥ ጥበብም በእርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ምርጫውን ለመረዳት የቲዩቡን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። አየር በተመጠጠበት የመስታወት ዕቃ መሐል ካቶድ የሚባለው ክፍል ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። ከፍተኛ ቮልት ያለበት ፕሌት ወደ ራሱ ይስባቸዋል። በሁለቱ መካከል ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ግሪድ ቆሟል። ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ሲግናል ግሪዱ ላይ ሲደርስ ፍሰቱን አንዴ ያጠበዋል፣ አንዴ ያሰፋዋል፤ በፕሌቱ በኩል የሚወጣው የዚያው ሲግናል ብዙ እጥፍ የጎላ ቅጂ ነው። ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ የሲግናሉን ጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም፤ ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ክሩን በስሱ ሲነካ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ጠንከር ሲያደርግ ይሻክራል። መሣሪያው የጣትን ክብደት ይሰማል ማለት ነው። ሠሪው ዕቃ ሲመርጥ የሚጠብቀው ይህንን ነው።

ከትንሹ እንጀምር፤ ከሬዚስተር። የ1950ዎቹ አምፕሊፋየሮች ሬዚስተራቸው ከተጨመቀ የካርቦን ዱቄት የተሠራ ነበር። ቡናማ ሲሊንደር፣ በላዩ ባለቀለም ቀለበቶች፤ መልኩ ያምራል። ብዙ ሠሪ ለመልኩ ሲል አምፕሊፋየሩን በሙሉ በእርሱ ይሞላዋል። ጥሩ ሠሪ ግን ይጠይቃል። የካርቦን ዱቄት ሬዚስተር ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ከፍ ያለ ቮልት ሲያልፍበት “ሽሽ” የሚል ጫጫታ ይጨምራል፤ ከዓመታት ሙቀትና እርጥበት በኋላም ልኬቱ ከተጻፈበት ከፍ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በላዩ ያለው ቮልት ሲለዋወጥ ልኬቱም በጥቂቱ ይለዋወጣል፤ ይህም ለድምፁ ለስለስ ያለ ሃርሞኒክ ይጨምርለታል። ሁለተኛው ጠባይ የሚጠቅመው ሲግናሉ በብዙ አሥር ቮልት በሚወዛወዝበት ቦታ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሲግናሉ ገና ትንሽ ስለሆነ ጥቅሙ አይሰማም፤ ጫጫታው ግን ከኋላው ባሉት ደረጃዎች ሁሉ እየጎላ ይወጣል።

ስለዚህ አዋቂ ሠሪ በመግቢያው ላይ ጸጥ ያለውን የሜታል ፊልም ሬዚስተር ያስቀምጣል። የካርቦን ዱቄቱን ደግሞ የኃይል ቲዩቦቹን ከሚነዳው ደረጃ ላይ፣ ሲግናሉ ትልቅ በሆነበት ቦታ፣ ይተክለዋል። ሰሌዳው ሲታይ አንድ ዓይነት መልክ አይኖረውም። ግን እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እዚያ እንዳለ ምክንያት አለው፤ ምክንያት ያለው ሰሌዳ አንድ ወጥ ሆኖ ከተዋበው ይበልጥብኛል።

በዚሁ ደረጃ ላይ የቤዝማንን ነዳፊዎች ጥንቃቄ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ሲግናሉን ለሁለት ከፍሎ ለሁለቱ የኃይል ቲዩቦች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያቀብለው ቲዩብ ሁለት የፕሌት ሬዚስተሮች አሉት። አንደኛው 82 ኪሎኦም፣ ሌላኛው 100 ኪሎኦም ነው። ላየው ሰው ስሕተት ይመስላል። ነገር ግን ከሁለቱ ጎኖች አንደኛው በተፈጥሮው ከሌላው ትንሽ የበለጠ ስለሚያጎላ፣ ልኬቱ ዝቅ ያለው ሬዚስተር ልዩነቱን እንዲያካክስ ሆን ተብሎ ተመርጧል። ይህን ሳይረዳ ሁለቱንም እኩል የሚያደርግ ሰው ንድፉን አሳመርሁ ብሎ ያዛባዋል።

ካፓሲተር ላይ የሚካሄደው ክርክር ከሁሉ የበረታ ነው። በሁለት ደረጃዎች መካከል የሚቆመው ካፓሲተር ሥራው ከባድ ነው፤ በአንድ በኩል ያለውን ከፍተኛ የዲሲ ቮልት አግዶ ሲግናሉን ብቻ ማሳለፍ አለበት። በቤዝማን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ልኬት 0.02 ማይክሮፋራድ ነው። ልኬቱ ከዚያ ሲያንስ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፤ ሲበዛ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ በዝቶ፣ አምፕሊፋየሩ በኃይል ሲነዳ ይድበሰበሳል። በ1950ዎቹ ፌንደር ይጠቀምባቸው የነበሩት ቢጫዎቹ የአስትሮን ካፓሲተሮች ዛሬ እንደ ብርቅ ዕቃ ይፈለጋሉ። የዛሬ ሠሪዎች ደግሞ ማሎሪ፣ ኦሬንጅ ድሮፕ፣ ሶዞ፣ ጁፒተር እያሉ ስም ይጠራሉ።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ቅደም ተከተል እንዲጠበቅ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ልኬቱ ትክክል ይሁን። ቀጥሎ የሚችለው ቮልት በቂ ይሁን፤ ሲበራ ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው ከፍ የሚለውን ቮልትም ይቻል። ከዚያ ዲሲ የማያሾልክ ይሁን። ያረጀ የወረቀት ካፓሲተር ጥቂት ዲሲ ቢያሾልክ ቀጣዩ ቲዩብ ሚዛኑን ያጣል፤ የኃይል ቲዩብ ከሆነም ከልክ በላይ ግሎ ሊቀልጥ ይችላል። የስሙ ጉዳይ የሚነሣው እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ በኋላ ነው። ለስም ብሎ የ60 ዓመት ካፓሲተር በአዲስ አምፕሊፋየር ውስጥ የሚተክል ሰው ለሚቀጥለው ጠጋኝ ችግር እየተወ ነው። ቮልት የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ደግሞ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በጊዜ ብዛት የሚደርቅ ስለሆነ፣ እነርሱን አዲስ መግዛት ግዴታ ነው።

ከሁሉ የከበደው ዕቃ ትራንስፎርመር ነው፤ በክብደትም፣ በዋጋም፣ በድምፅም። የመውጫው ትራንስፎርመር ሥራ የቲዩቦቹን ከፍተኛ ቮልትና ትንሽ ከረንት ለስፒከሩ ወደሚስማማ ዝቅተኛ ቮልትና ትልቅ ከረንት መለወጥ ነው። ቤዝማን ላይ አራቱ ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ተያይዘው 2 ኦም ይሆናሉ፤ ትራንስፎርመሩ በአንድ በኩል ይህን፣ በሌላ በኩል በሺዎች ኦም የሚቆጠረውን የቲዩቦች ጎን ያገናኛል። ጥሩ ጠምጣሚ ሽቦውን በአንድ ጊዜ ጠምጥሞ አይጨርስም። የቲዩቡን ጥቅልና የስፒከሩን ጥቅል በየተራ እየደራረበ፣ በየመሐሉ ወረቀት እያስገባ ይሠራዋል፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ጥቅሎች ይቀራረባሉ፣ ቀጭኑ ድምፅም ሳይጠፋ ያልፋል። የእምብርቱ ስስ የብረት ቅጠሎች ዓይነትና ብዛት ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ምን ያህል ሳይጨናነቅ እንደሚወጣ ይወስናሉ።

የያኔው ቤዝማን ትራንስፎርመሮች ትራያድ ከሚባለው ኩባንያ ነበሩ። ዛሬ በሚሺገን ሃይቦየር፣ በካሊፎርኒያ መርኩሪ ማግኔቲክስ፣ በካናዳ ሃሞንድ በዚሁ ሥራ ይታወቃሉ። በሌላ ነገር ቆጥቦ ጥሩ ትራንስፎርመር የሚገዛ ሠሪ ቅድሚያውን አውቋል። በቦታ አቀማመጥ ላይም አንድ የሚያስደስት ብልሃት አለ። የኃይሉና የመውጫው ትራንስፎርመር ተቀራርበው ከተቀመጡ የአንዱ መግነጢሳዊ መስክ ወደ ሌላው ገብቶ እምምታ ይፈጥራል። ሠሪው ከመብሳቱ በፊት የመውጫውን ትራንስፎርመር ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ያገናኝና የኃይሉን ብቻ ያበራል። ከዚያ አንዱን በጥንቃቄ እያዞረ እምምታው እጅግ የሚቀንስበትን ማዕዘን ይፈልጋል። ቀዳዳው የሚበሳው ጆሮ በመረጠው ቦታ ነው።

ቲዩቦችን መምረጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ክፍል ነው። ቤዝማን በመግቢያው 12ኤዋይ7 ነበረው፤ የማጉላት አቅሙ 44 ነው። በዚያ ቦታ በቀላሉ ሊሰካ የሚችለው 12ኤኤክስ7 ግን 100 ነው። አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ብቻ የአምፕሊፋየሩን ጠባይ ይለውጠዋል፤ በ44ቱ ንጹሑ ድምፅ ሰፊ ቦታ ያገኛል፣ በ100ው ቶሎ ይሻክራል። ከኃይል ቲዩቦቹ ጋር ደግሞ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ጂዜድ34 አለ። ተጫዋቹ ኃይለኛ ኮርድ ሲመታ ቮልቱ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ መልሶ ይነሣል፤ ያ መለጠጥ ለጣት የሚሰማ ነገር ነው። የድሮዎቹ አሜሪካኖቹ አርሲኤና ተንግ-ሶል፣ በእንግሊዝ ብላክበርን የተሠሩት ሙላርድ ዛሬም ይፈለጋሉ፤ ቁጥራቸው ግን አይጨምርም። በአሁኑ ጊዜ አዳዲስ ቲዩቦች ከሚሠሩባቸው ጥቂት ቦታዎች መካከል በስሎቫኪያ ቻድጻ ያለው የጄጄ ፋብሪካና በሩሲያ ሳራቶቭ ያለው ይገኙበታል። ለሰው የሚሸጥ አምፕሊፋየር የሚሠራ ባለሙያ ዛሬ በሚገኘው ቲዩብ ጥሩ እንዲሰማ አድርጎ መሥራት አለበት። ብርቅ ቲዩብ ካላገኘ ድምፁ የሚበላሽ መሣሪያ ገና አላለቀም።

ሳጥኑም ዕቃ ነው። የያኔው የቤዝማን ሳጥን ከፓይን እንጨት የተሠራ ነበር፤ ማዕዘኖቹ እንደ ጣቶች እርስ በርስ በሚገቡ ጥርሶች የተያያዙ፣ በላዩም የሻንጣ ጨርቅ የተለጠፈበትና ላከር የተቀባ። ስፒከሮቹ የተሰቀሉበት የፊት ሰሌዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ኮርድ ሲመታ እርሱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጀርባው ክፍት ስለሆነ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ይሰራጫል። ይህንኑ ሰርኪዩት በወፍራምና በከባድ ሳጥን ውስጥ ቢያስገቡት ድምፁ ይጠብቃል፤ ሌላ መሣሪያ ይሆናል።

አሁን ወደ ሽቦው። እዚህ ላይ መልካም እጅና ተራ እጅ በግልጽ ይለያያሉ። በሰም የተነከረ የጥጥ ሽፋን ያለው የድሮው ዓይነት ሽቦ ዛሬም ይሠራል። ሽፋኑን በቢላ መላጥ አያስፈልግም፤ በጣት ወደ ኋላ ገፋ ሲደረግ መዳቡ ብቅ ይላል፣ በሶልደሩ ሙቀትም አይቀልጥም። ቲዩቦቹን የሚያግለው 6.3 ቮልት ኤሲ ነው፤ ከረንቱ በቤዝማን ላይ ወደ 3 አምፔር ይጠጋል። ይህ መስመር በግዴለሽነት ከተዘረጋ እምምታውን ወደ ግሪዶቹ ይዘራል። ስለዚህ ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ጠበቅ ተደርገው ይጠመዘዛሉ፤ የአንዱ መስክ የሌላውን እንዲሰርዝ። ከዚያም ከግሪዱ ሽቦ ርቀው ይሄዳሉ። የግሪድ ሽቦ አጭር መሆን አለበት፤ ከፕሌት ሽቦ ጎን ለጎን መሄድ የለበትም፤ መሻገር ካለበትም ቀጥ ብሎ ይሻገር። ቀሪው ማስተካከያ በጣት አይሠራም። በሰርኪዩቱ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አለና ሠሪው በደረቅ የእንጨት ዘንግ አንዱን ሽቦ ትንሽ ወደዚህ፣ ሌላውን ትንሽ ወደዚያ እየገፋ ድምፁን ያዳምጣል።

ሶልደሩም ራሱን የቻለ ንባብ ነው። መልካሙ ቅይጥ 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ያለው ሲሆን፣ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ በዚያው ሙቀት በአንዴ ይጠነክራል። መጀመሪያ የዕቃው እግር በፒንሳ ታጥፎ ቦታውን ይይዛል፤ ሶልደሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ብረቶች በቂ ሙቀት ካገኙ ሶልደሩ ራሱ ይፈስሳል፤ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙም ወደ ብረቱ ሰርጎ ይሰስሳል። በችኮላ የተሠራው ግን ደብዝዞ ይጓጉላል፤ ዛሬ ይሠራል፣ ከዓመት በኋላ በመድረክ መሐል ይቋረጣል።

ዕቃ መምረጥ የቱን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የሚያሳየው ትልቁ ምስክር ለንደን ውስጥ ነው የተፈጠረው። የከበሮ መምህሩ ጂም ማርሻል በ1960 በሃንዌል ሰፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። ከአሜሪካ የሚመጡት የፌንደር አምፕሊፋየሮች ለእንግሊዝ ወጣቶች ውድ ነበሩ። በ1962 ከኬን ብራንና ከደድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ የቤዝማንን ንድፍ መነሻ አድርጎ የራሱን ሠራ፤ ስሙም ጄቲኤም45 ተባለ። የሰርኪዩቱ ንድፍ ከሞላ ጎደል ያው ነበር። የተለወጠው ዕቃው ነው። በመግቢያው 44 በሚያጎላው ቲዩብ ፋንታ 100 የሚያጎላው ኢሲሲ83 ገባ። ትራንስፎርመሩ ከእንግሊዝ ገበያ ተገዛ። የኃይል ቲዩቦቹ በኋላ ኬቲ66 ሆኑ። ሻሲው ከብረት ወደ አሉሚኒየም ተለወጠ። በጀርባ ክፍት ሳጥን ውስጥ ያሉ ባለ 10 ኢንች ጄንሰኖች ቀርተው፣ ባለ 12 ኢንች ሰለስቲየኖች ጀርባው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ተሰቀሉ። ከዚህ የወጣው ድምፅ ጠቆር ያለ፣ የሚገፋ፣ ቶሎ የሚሻክር ሆነ። ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜየል ጋር በቀረጸው አልበም ላይ የሚሰማው ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ የማርሻል አምፕሊፋየር ነው። አንድ ንድፍ በሁለት ከተሞች ሁለት ድምፅ ሆነ፤ ለሮክ ሙዚቃም መንገድ ጠረገ።

ይህ ታሪክ ለዛሬው ሠሪ ትምህርት አለው። ያለፈውን ማክበርና ያለፈውን መገልበጥ የተለያዩ ናቸው። ከ1950ዎቹ መወረስ የሌለባቸው ነገሮች አሉ። የድሮው ጥቁር የፋይበር ሰሌዳ እርጥበት ይመጥጣል፤ በጊዜ ብዛትም በቀለበቶቹ መካከል ጥቂት ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ በቅርጽ ያንኑ፣ በዓይነት ግን እርጥበት የማይመጥጥ የመስታወት ፋይበር ሰሌዳ ይጠቀማል። የድሮዎቹ የግድግዳ ገመዳቸው ባለ ሁለት ሽቦ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱም በካፓሲተር ከሻሲው ጋር ይያያዝ ነበር። ያ ካፓሲተር ከተበላሸ ሻሲው፣ ከሻሲውም በገመዱ በኩል የጊታሩ ክር፣ ኮረንቲ ይይዛል፤ ተጫዋቹ ሌላ እጁን ወይም ከንፈሩን መሬት ከያዘ ማይክሮፎን ላይ ሲያሳርፍ ሊሞት ይችላል። ዛሬ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ አድርጎ ሦስተኛውን ከሻሲው ጋር በብሎን አጥብቆ ማሰር ግዴታ ነው። ለድሮነት ሲል ይህን የሚተው ሰው ሙያውን አያከብርም።

ከቦታ ወደ ቦታ የሚለየውን ኤሌክትሪክም ማሰብ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር የሚጠብቀው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። በአዲስ አበባ፣ በቴል አቪቭም ሆነ በለንደን ቮልቱ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ኸርዙም 50 ነው። ቮልቱን በውጭ በሚቀመጥ ትራንስፎርመር መቀነስ ይቻላል፤ ኸርዙ ግን በዚያ አይለወጥም። ለ60 ብቻ የተሠራ እምብርት በ50 ሲሠራ ወደ ጥግ ይገፋል፣ ይግላልም። በእነዚህ ከተሞች ለሚኖር ሰው የሚሠራ ባለሙያ ለ50 ኸርዝ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ያዛል።

ሁሉም ተገጣጥሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበራበት አኳኋንም የሙያው አካል ነው። ሠሪው አምፕሊፋየሩን በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። የድሮውን ዓይነት የሽቦ አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ ያስገባል። ውስጡ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ፍክት ብሎ ይቀራል፤ ኃይሉን ራሱ ስለሚወስደው ምንም አይቃጠልም። ሁሉም ደህና ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ከዚያ በቴስተር የእያንዳንዱ ቲዩብ ቮልት ይለካል። ሲጨርስም ካፓሲተሮቹ ውስጥ የተጠራቀመውን በሬዚስተር በኩል ያወጣዋል፤ ከሶኬት የተነቀለ አምፕሊፋየር ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልት ሊቆይ ይችላልና።

የማደንቃቸው ሠሪዎች ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድ ልማድ አላቸው። የለኩትን ቮልት ጽፈው በሻሲው ውስጥ ይለጥፉታል። የሰርኪዩቱን ንድፍ፣ ከተለመደው የቀየሩትንም ሬዚስተር ጭምር፣ በሳጥኑ ውስጥ ያኖራሉ። ይህ ለገዢው ምንም አይጨምርለትም፤ ድምፁም በዚህ አይለወጥም። ዋጋው የሚታወቀው አምፕሊፋየሩ አንድ ቀን ዝም ሲልና ሌላ ባለሙያ፣ ምናልባት ሠሪው በሌለበት አገር ወይም በሌለበት ዘመን፣ ሲከፍተው ነው። ያኔ ጠጋኙ ባዶ እጁን አይጀምርም።

ስለዚህ የእጅ ሥራ አምፕሊፋየር ለመግዛት የሚያስብ፣ ወይም ራሱ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ቴክኒሻን፣ ከስምና ከዋጋ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲያነሣ እመክራለሁ፦ እዚህ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ ቢበላሽ ጎረቤቱን ሳይነካ ሊወጣ ይችላል? መልሱ አዎ ከሆነ ሠሪው ሥራውን ያውቃል። በ1959 የተሠሩ ቤዝማኖች ዛሬም መድረክ ላይ የሚጫወቱት ዕቃቸው ስላላረጀ አይደለም፤ ካፓሲተራቸው፣ ቲዩባቸው፣ የስፒከራቸው ወረቀት ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። የሚጫወቱት አርጅቶ መቀየር እንዳለ የሚያውቅ ሰው ስለሠራቸው ነው። ጥሩ ዕቃ መምረጥ ድምፁን ያሳምራል፤ ዕቃውን ለሌላ ሰው እጅ እንዲመች አድርጎ ማስቀመጥ ደግሞ ያ ድምፅ ከሠሪው ዕድሜ በላይ እንዲዘልቅ ያደርጋል።